ከመጨረሻው ዙር በፊት የሆነው፦ በብሔራዊ ቡድኑ ላይ የምንሰነዝረው ትችት ምን እየለካ ነው?

መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ኢትዮጵያ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ለጥቂት ተቀደመች። ሌሊት ላይ በቶኪዮው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ትዕግስት አሰፋ ከኬንያዊቷ ፔሬስ ጄፕቺርቺር ጋር እስከ መጨረሻው ተናንቃ በ2 ሰከንድ ተበለጠች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዮሚፍ ቀጄልቻ የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ግማሽ ሜትር በማይሞላ ልዩነት ለፈረንሳዊው ጂሚ ግሬሲየር አስረከበ። ሻምፒዮናው ሲያበቃ የኢትዮጵያ ድርሻ 2 ብርና 2 ነሐስ ሆነ፤ ወርቅ አልነበረም።

ጅማ ላይ፣ ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ፣ ቴሌቪዥን ባለበት ቡና ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ የሚሰማው ክርክር ከሌላው ከተማ ብዙም አይለይም። አንዱ «ገንዘብ እንጂ ባንዲራ አይታያቸውም» ይላል። ሌላው አሰልጣኙን፣ ሦስተኛው ፌዴሬሽኑን ይከሳል። «የድሮዎቹ ቢሆኑ ኖሮ» የሚለውም አይጠፋም። ሁሉም ከቁጭት የሚነሣ ነው፤ ቁጭቱም ተገቢ ነው። ይሁንና እነዚህ ክሶች ስለ ተለያዩ ነገሮች የሚናገሩ ስለሆኑ በአንድ ላይ ሲደባለቁ የትኛው እውነት እንደሆነ መለየት አይቻልም። ይህ ጽሑፍ ለመለየት ይሞክራል። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሰከንድ መቶኛ እና የሕዝብ ፍርድ

በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር ያሸነፈው በሰከንድ 9 መቶኛ ነው። ያ አጨራረስ እስከ ዛሬ እንደ ጀግንነት ይተረካል፤ ይገባዋልም። በ2025 ቶኪዮ ላይ ዮሚፍ የተሸነፈው በሰከንድ 6 መቶኛ ነው። (በስርጭት «ማይክሮ ሰከንድ» ሲባል የሚሰማው ይኸው የሰከንድ መቶኛ ነው።) በ2024 ፓሪስ ላይ ደግሞ በሪሁ አረጋዊ በኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በሰከንድ 30 መቶኛ ተቀደመ። አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር ከበሪሁ በኋላ የመጣው በ2 መቶኛ ብቻ ነበር፤ ዐይን ጨፍኖ እስኪከፈት ብሩ ነሐስ ሊሆን ይችል ነበር።

በነዚህ ሦስት ውድድሮች ውስጥ በሯጮቹ ብቃት መካከል ያለው ልዩነት ከምንም አይቆጠርም። በሕዝብ ፍርድ መካከል ያለው ልዩነት ግን የትየለሌ ነው፤ አንዱ የሀገር ኩራት፣ ሌላው የሀገር ማፈሪያ ተደርጎ ይወራል። 25 ዙር ተሮጦ በግማሽ ሜትር የተወሰነን ውጤት ይዞ ስለ አንድ ሰው ወኔ ወይም ስለ ሀገር ፍቅሩ መፍረድ መለኪያው የማይችለውን ነገር መለካት ነው። ከአንድ ውድድር የሚገኘው መረጃ ትንሽ ነው። ከብዙ ውድድር የሚገኘው ግን ብዙ ይናገራል፤ ስለዚህ ወደ ብዙው እንሂድ።

ተስፋው ከየት መጣ?

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ያገኘችው ወርቅ በ2000 ሲድኒ 4፣ በ2004 አቴንስ 2፣ በ2008 ቤይጂንግ 4፣ በ2012 ለንደን 3 ነበር፤ ድምሩ 13። ከዚያ በኋላ በ2016 ሪዮ በአልማዝ አያና፣ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በሰለሞን ባረጋ፣ በ2024 ፓሪስ በታምራት ቶላ አንድ አንድ ወርቅ መጣ፤ ድምሩ 3። ሰው «ወደቅን» ሲል በልቡ ይህን ስሌት እየሠራ ነው።

ስሌቱ ትክክል ነው፤ ግን ከ13ቱ ወርቆች ውስጥ ስንቱ የማን እንደሆነ ሲቆጠር ሌላ ነገር ይታያል። ቀነኒሳ በቀለ 3፣ ጥሩነሽ ዲባባ 3፣ መሠረት ደፋር 2። 8ቱ የሦስት ሰዎች ናቸው ማለት ነው። የቤይጂንጎቹ 4 ወርቆች ደግሞ በሁለት ሰዎች ብቻ፣ በቀነኒሳና በጥሩነሽ፣ እያንዳንዳቸው በ5 ሺህና በ10 ሺህ ደርበው የመጡ ናቸው። እንዲህ ያሉ ሰዎች በአንድ ትውልድ፣ በአንድ ሀገር፣ በአንድ ጊዜ መገኘታቸው ራሱ ብርቅ ነገር ነበር። እኛ ግን ብርቁን እንደ ልማድ ቆጠርነው፤ ዛሬ የምንጠብቀውም በዚያ ልክ ነው። እንደ ጥሩነሽ ያልሆነች ሯጭ ሁሉ የወደቀች መስላ የምትታየን ለዚህ ነው።

ይህ ግን መጽናኛ ብቻ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። ወርቅ በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ጠቅላላ የሜዳሊያ ቁጥር ግን የቡድንን ጥልቀት በተሻለ ያሳያል። እሱም በሪዮ 8 ነበር፣ በቶኪዮ 4፣ በፓሪስ 4። በሌላ በኩል በመካከሉ በተካሄዱት የዓለም ሻምፒዮናዎች በ2022 ኦሬገን ላይ 4ቱ ወርቅ የሆኑ 10 ሜዳሊያዎች፣ በ2023 ቡዳፔስት ላይ ደግሞ 9 ተገኝተዋል። በ2025 እንደገና ወደ 4 ወረደ፤ ያለ ወርቅ መመለስም ከ1991 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ያኔም ሻምፒዮናው የተካሄደው ቶኪዮ ነበር። ስለዚህ እውነተኛ መውረድ አለ፤ ቁልቁል የሚንደረደር አንድ መስመር ግን የለም። የሚዋዥቅ ውጤት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው የዝግጅትንና የአመራርን ወጥነት ማጣት እንጂ የሯጭ መጥፋትን አይደለም።

የወንዶቹና የሴቶቹ ችግር አንድ አይደለም

በሕዝብ ክርክር ውስጥ ፈጽሞ ሲነሣ የማልሰማው፣ ግን ከሁሉ በላይ ሊያነጋግረን የሚገባው ነጥብ ይህ ነው።

በቶኪዮ 2025 ከ1 ሺህ 500 ሜትር እስከ ማራቶን ድረስ የወንዶቹን ወርቅ የወሰዱት ሀገሮች ፖርቱጋል፣ አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ኒውዚላንድና ታንዛኒያ ናቸው። ከኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን ከኬንያም አንድ ወንድ እንኳ በነዚህ ርቀቶች አላሸነፈም። ይህ የሚያሳየው ዓለም መድረሱን ነው። ከፍታ ቦታ ላይ ሄዶ መሠልጠን የአውሮፓና የአሜሪካ ሯጮች የዘወትር ልማድ ሆኗል፤ ሱሉልታ ድረስ መጥተው የሚሠለጥኑም አሉ። የካርቦን ዝርግ ያለበት ጫማ፣ በየልምምዱ የደም ናሙና ወስዶ ድካምን መለካት፣ ለአጨራረስ ፍጥነት ራሱን የቻለ ልምምድ መሥራት የጋራ እውቀት ሆነዋል። ተፈጥሮ የሰጠን ብልጫ አልጠፋም፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

በሴቶቹ በኩል ሥዕሉ ፍጹም ሌላ ነው። በዚያው ሻምፒዮና ከ800 ሜትር እስከ ማራቶን ያሉት ወርቆች በሙሉ፣ 3 ሺህ ሜትር መሰናክሉን ጨምሮ፣ የኬንያ ሆኑ። ኬንያ በአጠቃላይ 7 ወርቅ ይዛ ስትመለስ 6ቱ የሴቶቿ ናቸው። እዚህ ላይ «ዓለም ደረሰብን» የሚለው ማብራሪያ አይሠራም። ጎረቤት ሀገር ናት፤ ከፍታው ያው፣ ጫማው ያው፣ የሚሮጡባቸው የዳይመንድ ሊግ ውድድሮችም እነዚያው ናቸው። ሴቶቻችን ደካሞች ስለሆኑም አይደለም፦ ጉዳፍ ጸጋይ በ10 ሺህ ሜትር፣ ሰምቦ አለማየሁ በመሰናክል ነሐስ አግኝተዋል፤ ትዕግስት በ2 ሰከንድ ተቀድማለች። እኩል በሚባል ብቃት ላይ ሆኖ ስድስት ጊዜ በተከታታይ መሸነፍ ግን በአጋጣሚ ብቻ የሚብራራ አይመስለኝም። ጥያቄው ወደ ቤት ይመለሳል፦ ወደ ዝግጅት፣ ወደ ምርጫ፣ በውድድሩ ዕለት ማን ከማን ጋር ምን ለመሥራት ተስማምቶ እንደገባ።

ሰዓት ያለው ሁሉ ሜዳሊያ ለምን አያገኝም?

ተስፋን ከሚያንሩ ነገሮች ዋናው የዓለም ክብረ ወሰን ነው። ለተሰንበት ግደይ በሰኔ 2021 ሄንጌሎ ላይ የ10 ሺህ ሜትርን ክብረ ወሰን በ29፡01.03 ሰበረች፤ ከሁለት ወር በኋላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ያገኘችው ነሐስ ነው። ጉዳፍ በመስከረም 2023 ዩጂን ላይ 5 ሺህ ሜትርን በ14፡00.21 ሮጣ ክብረ ወሰን ያዘች፤ በቀጣዩ ዓመት ፓሪስ ላይ በዚያው ርቀት ሜዳሊያ ውስጥ አልገባችም። ተመልካች «ይህን ሰዓት ያላት ሴት እንዴት?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

መልሱ ሁለቱ የተለያዩ ውድድሮች መሆናቸው ነው። ክብረ ወሰን በሚሰበርበት ውድድር አሯሯጭ አለ፤ ማለትም ለማሸነፍ ሳይሆን ፍጥነቱን ጠብቆ ለመምራት የሚከፈለው ሯጭ። በመሙ ጠርዝ ላይም በተወሰነ ፍጥነት እየበሩ የሚሄዱ መብራቶች አሉ፤ ሯጩ መብራቱን መከተል ነው ሥራው። በኦሊምፒክና በዓለም ሻምፒዮና ሁለቱም የሉም። ማንም መምራት ስለማይፈልግ ሩጫው ይቀዘቅዛል፣ ይገፋፋል፣ ከዚያ በመጨረሻዎቹ 400 ሜትሮች ይፈነዳል። ዮሚፍ በ2024 ስፔን ውስጥ 10 ሺህ ሜትርን በ26፡31.01 ሮጧል፤ የ2025ቱ የቶኪዮ ፍጻሜ ግን ያለቀው በ28፡55 ነው። ሁለት ደቂቃ ከሃያ አራት ሰከንድ የሚዘገይ ውድድር የጽናት ብልጫን ያጠፋና ሁሉንም የአጭር ርቀት ፍልሚያ ያደርገዋል። ምሩጽ ይፍጠርን «ማርሽ ቀያሪው» ያሰኘው ይህ የመጨረሻ ዙር ጥበብ ነበር።

«ታዲያ ሦስቱ ሯጮቻችን ተባብረው ለምን አያፈጥኑትም?» የሚለው ትችት በጣም የተለመደ ነው፤ ምክንያታዊም ነው። ፓሪስ ላይ ግን በትክክል ያን አደረጉ። ኢትዮጵያውያኑ እየተፈራረቁ መሩ፤ ሩጫው ከመፍጠኑ የተነሣ ቀነኒሳ በ2008 ያስመዘገበውን የ27፡01.17 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ከ10 በላይ ሯጮች አሻሻሉት። ወርቁ ግን በመጨረሻው ዙር ሌላ ሄደ። ቶኪዮ ላይ በዝግታ ተሮጦ ተሸነፍን፣ ፓሪስ ላይ በፍጥነት ተሮጦ ተሸነፍን። ሁለቱን አንድ ላይ ስናያቸው ጉድለቱ በስልቱ ላይ ሳይሆን በመጨረሻዎቹ 300 ሜትሮች ፍጥነት ላይ ያለ ይመስላል። ያ ደግሞ በውድድሩ ዕለት የሚመጣ ነገር አይደለም፤ በ1 ሺህ 500 ሜትር ልምምድና በአሸናፊነት ብቻ በሚለኩ የሀገር ውስጥ ውድድሮች ለዓመታት የሚገነባ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ውድድር ማዕከል ሊሆን ይገባ የነበረው የአዲስ አበባ ስታዲየም ለዓመታት በእድሳት ምክንያት ተዘግቶ ቆይቷል።

ምርጫ፦ የማይታየው ውድድር

በኦሊምፒክ አንድ ሀገር በአንድ ርቀት የምታሰልፈው ቢበዛ ሦስት ሯጭ ነው። ሚኒማ፣ ማለትም ለመግባት የሚጠየቀውን ዝቅተኛ ሰዓት፣ ያሟሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስላሉ ከባዱ ውድድር ሀገር ውስጥ ነው የሚያልቀው። የ10 ሺህ ሜትር ማጣሪያ ግን በተደጋጋሚ የተካሄደው ውጭ ነው፦ ሄንጌሎ ኔዘርላንድ ውስጥ፣ በ2024 ደግሞ ኔርሃ ስፔን ውስጥ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በከፍታችን ላይ ፈጣን ሰዓት አይመዘገብም። የሚነሣው ቅሬታም ግልጽ ነው፤ በአሯሯጭ ታግዞ የሚሮጥ ማጣሪያ የሚመርጠው ፈጣኑን እንጂ በሻምፒዮና አጨራረስ የሚችለውን አይደለም። በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ኬንያም ለፓሪስ የ10 ሺህ ሜትር ማጣሪያዋን ዩጂን ላይ ነው ያካሄደችው። ስለዚህ ቦታው ብቻውን ጥፋተኛ አይሆንም። ጥያቄው መመዘኛው ምን ይለካል የሚለው ነው።

የፓሪሱ ማራቶን ይህን ከምንም በላይ ያሳያል። ታምራት ቶላ በ2022 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በ2023 ዳገት የሚበዛበትን የኒውዮርክ ማራቶን በ2፡04፡58 የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ ያሸነፈ ሯጭ ነው። የፓሪሱ ጎዳናም ዳገታማ እንደሚሆን አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። እሱ ግን ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ተተካ፤ በ2፡06፡26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የሀገሪቱን ብቸኛ ወርቅ አመጣ። ሲሳይም የቦስተን አሸናፊ ስለነበር ምርጫው ስሕተት ነበር ብሎ መደምደም አይቻልም። ሆኖም ወርቁ በመመዘኛ ሳይሆን በጉዳት ምክንያት በተከፈተ በር መግባቱ ማንንም ሊያሳስብ ይገባል። ድሉ ሲመጣ ግን ይህ ጥያቄ በደስታው ተዋጠ። ሽንፈት ሲሆን ሁሉን እንጠይቃለን፣ ድል ሲሆን ምንም አንጠይቅም።

«ገንዘብ ነው የሚያሳድዱት»

ይህ ክስ ከሁሉም ይጎዳል፤ በማስረጃም ሲመዘን ደካማ ነው። በዓለም ሻምፒዮና ወርቅ 70 ሺህ፣ ብር 35 ሺህ ዶላር ያስገኛል። ዮሚፍ በዚያች የሰከንድ 6 መቶኛ 35 ሺህ ዶላር አጥቷል። ገንዘብ የሚያሳድድ ሰው ያን ያህል ገንዘብ በቸልታ አይተውም። በተጨማሪም የሯጭ የሥራ ዘመን አጭር ነው፤ አንድ የጅማት ጉዳት ሊያቆመው ይችላል።

ክሱ የሚነካው አንድ እውነት ግን አለ። ትልልቆቹ የጎዳና ማራቶኖች፣ በተለይ በርሊንና ቺካጎ፣ በመስከረምና በጥቅምት ይካሄዳሉ፤ በሙቀት ከሚሮጥ ሻምፒዮና ይልቅ ለአካልም ለኪስም የተሻሉ ናቸው። የውድድር መርሐ ግብሩንም አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው የሯጩ ማናጀር ነው። በሯጩ ማናጀር፣ በግል አሰልጣኙና በብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ መካከል ያለው ሥልጣን ተለይቶ ካልተጻፈ የዝግጅት ጊዜ የማንም ይሆናል። ይህ የሕግና የአስተዳደር ክፍተት ነው፤ የሀገር ፍቅር ማነስ ተብሎ ሲተረጎም ግን የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ሳይጠየቁ ያልፋሉ።

ኃላፊዎቹም እርስ በርሳቸው ተጋጭተው ያውቃሉ። በ2021 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ዋዜማና በውድድሩ ጊዜ በአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑና በኦሊምፒክ ኮሚቴው መካከል የነበረው አለመግባባት በአደባባይ የወጣ ነበር። ከፓሪስ በኋላ፣ በ2024 መጨረሻ፣ ስለሺ ስህን ደራርቱ ቱሉን ተክቶ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኗል። የቀድሞ ሯጮች መምራታቸው ሙያውን ከውስጥ ለሚያውቅ ሰው ዕድል ይሰጣል የሚሉ አሉ፤ መሮጥና ተቋም ማስተዳደር የተለያዩ ሙያዎች ናቸው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ፍርዱን የሚሰጠው ግን የግለሰቦቹ ዝና ሳይሆን አሠራሩ በጽሑፍ መኖር አለመኖሩ ነው።

ከጅማ ሲታይ

የጅማ ሰው ይህን በሁለት መንገድ ያውቀዋል። አንደኛው በእግር ኳስ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪምየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን አነሣ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የተጠበቀበት ያው ነበር፤ ክለቡ ግን የዋንጫ ዓመቱን ደረጃ ይዞ መቆየት አልቻለም። የብሔራዊ ቡድኑም ጉዳይ ተመሳሳይ ነው። ዋልያዎቹ በሜዳቸው አያሸንፉም ተብለው ሲወቀሱ ከ2021 ወዲህ ሜዳቸው የት እንደሆነ ይረሳል፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችን መስፈርት አያሟሉም በማለቱ የሜዳቸውን ጨዋታ በሰው ሀገር ሲያደርጉ ቆይተዋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ጨዋታዎች ሲያስተናግድ ይህ ከተማ ሜዳ መኖሩ ምን እንደሚለውጥ በዐይኑ አይቷል።

ሁለተኛው በቡና ነው። የቡና ቀማሽ ስኒው ውስጥ የአፈር ወይም የሻጋታ ጣዕም ሲያገኝ ወደ ኋላ ይቆጥራል፦ ቀይ ፍሬ ተለቅሞ ነበር ወይስ አረንጓዴው ተቀላቅሎ? በአልጋ ላይ ነው የደረቀው ወይስ በመሬት? ጆንያው እርጥበት ነክቶታል? ጉድለቱ የሚታወቀው በመጨረሻ ነው፣ የተፈጠረው ግን ከወራት በፊት። በዚህ አካባቢ «ጅማ 5» በሚባለው ዝቅተኛ ደረጃ የሚሸጠውን ቡና ዋጋ ለማሻሻልም መጀመሪያ የሚታየው አለቃቀሙና አደራረቁ ነው። ስለ ቡና እንዲህ ለማሰብ የሠለጠነ ሕዝብ ስለ ሩጫም እንዲሁ ማሰብ አያቅተውም።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 780 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የጥሩነሽና የቀነኒሳ በቆጂ ግን ወደ 2 ሺህ 800 ሜትር ትጠጋለች። ረጅም ርቀት ላይ በቆጂን መወዳደር ከባድ ነው። ሆኖም በፓሪስ ጽጌ ዱጉማ በ800 ሜትር ያገኘችው ብር በዚህ ርቀት ለኢትዮጵያ ሴቶች የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነው። በ800ና በ1 ሺህ 500 ሜትር ከፍታ ያን ያህል ወሳኝ አይደለም፤ የሚያስፈልገው መም፣ አሰልጣኝና የትምህርት ቤት ውድድር ነው። ለ10 ሺህ ሜትር የጎደለን የመጨረሻ ዙር ፍጥነትም የሚበቅለው ከዚሁ ነው።

ትችቱ ምን ያስከትላል?

በሯጭ ላይ ብቻ የሚያርፍ ትችት ሁለት ውጤት አለው። ወጣት ሯጮች ከሻምፒዮና ይልቅ ማንም የማይሰድባቸውን የጎዳና ውድድር እንዲመርጡ ይገፋል። ኃላፊዎችም ውርጅብኙ ለሁለት ሳምንት በሯጩ ላይ እንዲያልፍ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። በሌላ በኩል «አትተቹ፣ አበረታቱ» የሚለው ምክርም አይረዳም። ብሔራዊ ቡድን በሕዝብ ስም ይሄዳል፤ ሕዝብ የመጠየቅ መብት አለው። ከሲድኒ እስከ ለንደን የነበረው ከፍ ያለ ተስፋ ራሱ ሯጮችን ያፈራ ኃይል ነበር።

ልዩነቱን የሚያመጣው ጥያቄው የሚነሣበት ጊዜ ነው። ቀጣዩ የዓለም ሻምፒዮና በ2027 ቤይጂንግ ላይ፣ ኦሊምፒኩ በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። የመምረጫ መመዘኛው ከማጣሪያው ስንት ወር በፊት ታትሞ ለሁሉም ይደርሳል? ማጣሪያው ያለ አሯሯጭ፣ በቅደም ተከተል ብቻ የሚወሰን ይሆናል? ተጠባባቂ የሚባለው በምን ይለያል? አንድ ሯጭ በስንት ርቀት እንዲሮጥ የሚፈቅደው ማን ነው? እነዚህን ዛሬ ለፌዴሬሽኑና ለኦሊምፒክ ኮሚቴው በጽሑፍ ማቅረብ ይቻላል፤ መልሱም የሚጠቅመው ማጣሪያው ከመሮጡ በፊት ከመጣ ነው።